ያልጠቆረው ጠርሙስ

ሰርካለምን ሞታ ያገኘቻት እታለም ናት። ማክሰኞ፣ ጥቅምት ሠላሳ ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ። ሁለቱ ሴቶች ሎውሪ ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አብረው ይሠሩ ስለነበር በአንድ መኪና ነበር የሚሄዱት። እታለም እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ፓርክ አድርጋ ሁለት ጊዜ ክላክስ ነፋች። መልስ ስታጣ በወጥ ቤቱ በር ገባች። በሩ አልተቆለፈም። ሰርካለም የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ፍሪጁ ሥር ወድቃለች። ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ጠረጴዛው ሥር ተንከባሏል።

የአውሮራ ከተማ ፖሊስ መርማሪ ይመር ሲደርስ እታለም ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሻሸች ነበር።

«እሰይ፣ አንተ መጣህ» አለችው። «እነዚህ ፈረንጆች አትንኪ ይሉኛል። እንዴት አልነካትም? ዓይኗን እንኳ የሚከድንላት ጠፋ!»

«እኔ እከድንላታለሁ» አላት።

አልከደነላትም። ደንቡ አይፈቅድም። ቆሞ አያት። ይህች ሴት ከአራት ዓመት በፊት እናቱን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያጠበች ናት። የእናቱ እግር አብጦ ካልሲ እምቢ ሲል፣ የካልሲውን አንገት በመቀስ ተርትራ በቀስታ ያጠለቀችላት እሷ ናት። ያን ጊዜ ይመር መግባት ፈርቶ ኮሪደሩ ላይ ነበር የቆመው። «ግባ እንጂ፣ እናት እኮ አትናከስም» ብላ የሳቀችበት ሣቅ አሁንም ጆሮው ውስጥ አለ።

«ይመር! ወደ ታች ና» ብሎ ተጣራ ባልደረባው ኦርቴጋ።

ምድር ቤቱ የሰርካለም ታናሽ ወንድም የውድነህ መኖሪያ ነው። ኦርቴጋ የልብስ ቁም ሣጥን ከፍቶ በባትሪ ያበራል። ልብስ የለም። በሦስት መደርደሪያ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ አርባ አንድ ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ በእጅ ተጽፎበታል።

«ምን ይላል?»

«መስከረም ሃያ አንድ፣ ከስተርድ። ጥቅምት አምስት፣ ኮክ።»

«መስከረም ምንድን ነው? ማርካ ነው?»

«ወር ነው። የተቀላቀለበት ቀን ነው የተጻፈው። የቬፕ ፈሳሽ ነው፤ ከስተርድና ኮክ ጣዕሙ ነው፤ እንዲያምር ያቆዩታል።»

«አንተ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅህ?»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ» አለ ይመር።

ጽሕፈቱን ግን ገና በሩ ላይ ሆኖ ነበር የለየው። እንዲህ ያለ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ እሱም ጋራዥ ውስጥ፣ ከመኪና ዘይቱ ኋላ ደብቋል። ፈሳሹ የሚሞላበት የኤሌክትሪክ ማጨሻው ደግሞ አሁን በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው። ሚስቱ ሮሆቦት አጫሽነቱን ትቶ ሁለት ዓመት የሆነው ይመስላታል። በየዓመቱም ለዚህ ስለት ታስገባለታለች።

ውድነህ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ የአየር ማረፊያ ሸትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ መኪና ይነዳል። ለቅሶውን አይቶ የማይራራ የለም። ይመር እስኪረጋጋ ጠብቆ ነበር የጠየቀው።

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወጣሁ፣ ጋሼ። አሥራ አንድ ከአሥር ላይ ሁለት ሰዎች ኤርፖርት ድሮፕ አደረግኩ። የሚቀጥለው ትሪፕ አንድ ሰዓት ከአርባ ነበር፤ የመኪና መጠባበቂያው ሎት ውስጥ ተኛሁ።»

«ስልኳ ላይ ሁለት ጥሪ አለ። አሥራ አንድ ከሩብ ገደማ፤ የአንተ ነው።»

«እንድትነሣ ብዬ… ሥራ እንዳይረፍድባት።»

ሰርካለም ለጸሎት በአሥራ አንድ ሰዓት እንደምትነሣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀስቃሽ የሚያስፈልጋት ሴት አልነበረችም። ይመር ይህን ጻፈ።

«ታች ያሉት ጠርሙሶች ውስጥ ኒኮቲን አለ?»

«የለም!» አለ ውድነህ ፈጥኖ። «ሽታና ጣዕም ብቻ ነው። ሲጋራ የተውኩ ጊዜ እሷ ናት በንስሐ አባቷ በአባ ፊት ዋስ የሆነችኝ። ኒኮቲን አፌ እንደማይገባ ሥዕለ አድኅኖ ፊት ምዬላታለሁ።»

ከዚያ ቀና ብሎ ይመርን አየው። ይመርም አየው። ሁለቱም አወቁ። ውድነህ በሱቅ በኩል የሚሸጠው ፈሳሽ ኒኮቲን እንዳለው በዚህ ክፍል ውስጥ ከይመር በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ሥራ ከመግባቱ በፊት አጭሶታል።

ይመር «የለም ይላል» ብሎ ለኦርቴጋ ተረጎመ።

*

በማግስቱ ጠዋት ሃቫና ጎዳና ላይ ወዳለው የጳውሎስ ቬፕ ሱቅ ሄዱ። እታለም ነበረች የጠቆመቻቸው። ሰርካለም ከአሥር ቀን በፊት እዚያ ገብታ ጳውሎስን ገበያተኛ ፊት እንዳዋረደችው፣ እሱም «ሁለተኛ እዚህ እግርሽ ቢደርስ ውርድ ከራሴ!» እንዳላት ነገረቻቸው።

ጳውሎስ ገና በሩ ሲከፈት ፊቱ በራ።

«ጋሼ! ምነው ጠፋህ? አርባ ቀን የሞላው ከስተርድ አልቋል፤ ውድነህ ነገ ሊያመጣ ነበር። ኮኩን ሞክረው እስቲ!»

የይመር ጆሮ ጋለ።

«ምን አለ?» አለ ኦርቴጋ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚለው።»

«ብዙ ነው እንኳን ደህና መጣችሁ የምትሉት።»

ጳውሎስ የፖሊስ መታወቂያውን ሲያይ ሣቁን ሰበሰበ። የሰርካለምን ሞት ሰምቷል። ስለ ጠቡ ሲጠየቅ አልካደም።

«ወንድሜን ከእሳት አውጥቼው ጭስ ውስጥ መለስክብኝ ብላ መደርደሪያዬን ገፋችው። አንድ ደርዘን ጠርሙስ ወለል ላይ! እኔም ተናገርኩ፤ ሰው ነኝ። ግን ለሰርካለም ክፉ የሚያስብ ማን አለ? ባለቤቴ ስትወልድ ገንፎ ይዛ የመጣች እሷ ናት።»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

«ሌክውድ፣ ከከተማው ማዶ። ሁለተኛውን ሱቅ ልከፍት ነው፤ ዕቃ አራጋፊዎች አሥራ አንድ ላይ ቀጥሬ ነበር። የአላርሙን ሪከርድ እዩት፤ ሰዎቹንም ጠይቁ።»

ኦርቴጋ ስልክ ደውሎ ሊያጣራ ወጣ። ጳውሎስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ በምን ሞተች?»

«አይታወቅም። ይልቅ ይሄን ማቆየት የምትሉትን ነገር ንገረኝ።»

«አንተ ትጠይቀኛለህ እንዴ!»

«እንደማያውቅ ሰው ንገረኝ።»

«እንደ ጠጅ በለው። ዛሬ የተቀላቀለ ነገር ሽቶ ሽቶ ይላል፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ጨለማ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ በየቀኑ ትነቀንቀዋለህ፤ አንዳንዴ ከፍተህ ታናፍሰዋለህ። ሲውል ሲያድር ጣዕሙ እርስ በርሱ ይዋዋጣል። ቀለሙም ይመሰክራል፤ ውሃ የነበረው ማር ይመስላል፤ ኋላ የሻይ ቀለም ይይዛል። በተለይ ከስተርድ ይጠቁራል። ሌላው ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ ውድነህ ግን አርባ ቀን ካልሞላው አይሸጥም። እጁ የተባረከ ነው።»

«ኒኮቲኑስ?»

ጳውሎስ ወደ በሩ አየ። «እሱን አንተ ራስህ ታውቀው የለ! ንጹሑን ከእኔ ነው የሚወስደው። የራስ ቅል ሥዕል ያለበት ጠርሙስ ነው። እሱ ሲቆይ አያምርም፤ ብርድ ይፈልጋል። ፍሪጅ ውስጥ አድርገው ብዬዋለሁ። ለእሷ ግን ኒኮቲኑ ዜሮ ነው ብዬ ማልኩላት። እንዴት ላጋልጠው? ጓደኛዬ ነው።»

ኦርቴጋ ተመለሰ። «ሌክውድ ነበርኩ ያለው ትክክል ነው። አራጋፊዎቹም አላርሙም ይመሰክሩለታል። ሌላ የነገረህ አለ?»

ይመር ማስታወሻውን ዘጋ። «ፈሳሹ እንዴት እንደሚጠቁር ነገረኝ» አለ።

ያን ቀን ሊናገር ይችል ነበር። ይህን ኋላ ለራሱ ደጋግሞ ይለዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃው።

*

ሐሙስ የአስከሬን መርማሪዋ ሐኪም ጠራቻቸው። ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናት።

«ኒኮቲን ነው። ንጹሕና የተከማቸ። ሆዷ ውስጥም ብርጭቆው ላይም አለ። ሽታ ወይም ማጣፈጫ የለበትም፤ ስለዚህ ምድር ቤት ካሉት ጣዕም ካላቸው ጠርሙሶች አልተጠጣም። ብዙም አልቆየች፤ ምናልባት ደቂቃዎች።»

«ተሳስታ ጠጥታው ይሆን?» አለ ኦርቴጋ።

«እሱ ነው የሚከብደኝ። ይህ ነገር ምላስ ያቃጥላል። ሰው ሳያውቅ ቢጎነጭ ወዲያው ይተፋዋል። እሷ ግን አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውጣለች። ልብሷ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ማጠቢያው ላይ አንዲት ጠብታ የለም። እንዲህ የሚጠጣ ሊሞት የፈለገ ሰው ነው።»

ኦርቴጋ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተነፈሰ። «ራሷን አጥፍታለች። ያቺ ጓደኛዋ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ካፖርቷንና ምርጥ ነጠላዋን ሰጠችኝ ብላለች። የሚሰናበት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ።»

ይመር ከሰርካለም ስልክ ላይ ከአንድ የሊትልተን ከተማ ቁጥር ጋር የተደጋገመ ጥሪ አይቶ ነበር። ደወለ። ፀሐይ የምትባል ሴት አነሣች።

«ውይ፣ ሰርካለም! ሰማሁ፣ ነፍሷን ይማር። ቅዳሜ ቁልፍ ልሰጣት ነበር እኮ፤ አንድ ክፍል አከራይቻት። ቁም ሣጥኑ ጠባብ ነው ብላት፣ ዕቃዬን እያሰናበትኩ ነው አለችኝ። ወንድሜን ብቻውን ካልተውኩት አይበረታም ትል ነበር።»

ኦርቴጋ ሲነገረው ትከሻውን ሰበቀ። «ቤት የሚከራይ ሰውም ይሞታል።»

ወሬው ግን ከእነሱ ቀድሞ ከተማውን ዞሯል። ማታ ይመር ቤቱ ሲገባ ሮሆቦት ስልኳን ጨብጣ ቆማለች።

«እውነት ነው? ራሷን አጠፋች ይላሉ። ቅዳሜ ፍትሐት የለም አሉ። እሷ? እዚያች ሴት ላይ እንዴት እንዲህ ይባላል፣ ይመር? እናትህን ያጠበችን!»

ይመር ጃኬቱን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ።

*

አባ ተክለሚካኤልን የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ወንበር ሲደረድሩ አገኛቸው። ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ የሰርካለም የንስሐ አባት ናቸው።

«አባ፣ ቅዳሜ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አንተ ልትነግረኝ አልነበረም የመጣኸው?» አሉት ተቀምጠው። «ሆን ብሎ ነፍሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም። ሥርዓቱ የእኔ አይደለም። እሷን ያለ ጸሎት መቅበር ማለት ግን ይመር… በዚህ ዕድሜዬ መስቀሌን ማንሣት ያቅተኛል። ቁርጡን ንገረኝ።»

«ሐኪሟ የሚያቃጥል ነገር ሳትተፋ ዋጠች ትላለች። ሊሞት የፈለገ ብቻ ነው እንዲህ የሚውጥ ትላለች።»

ይህን ሲናገር ነው ነገሩ የመጣለት፤ ለብዙ ዓመት ሲያውቀው የኖረው፣ ሐኪሟም ኦርቴጋም ሊያውቁት የማይችሉት ነገር።

«አባ፣ ሰርካለም ጠዋት ጠዋት ጠበል ትጠጣ ነበር?»

«ከአንድ ቀን በስተቀር አቋርጣ አታውቅም፤ ያኔም ሆስፒታል ተኝታ ነው። አንድ ብርጭቆ፣ በባዶ ሆድ፣ ቆማ።»

«ጠበሉ ቢመራት ትተፋዋለች?»

«ጠበል ይተፋል እንዴ?» አሉ አባ ደንግጠው። ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ጠበሉን የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ፍሪጁ በር ላይ፣ በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ። ከዚሁ ነው የምትቀዳው፤ ክዳኑ ላይ የመስቀል ምልክት አድርጋበታለች። እሁድ ቤት ልባርክ ሄጄ የቀረውን ጨርሼ ረጨሁት። ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ተውኩላት። ሰኞ ሳልፍ ሌላ ለውድነህ እሰጠዋለሁ ብያት ነበር።» እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱ። «ረሳሁት። ሰኞ ክርስትና ነበረብኝ፤ ረሳሁት።»

ማክሰኞ ፍሪጁ በር ላይም ጠረጴዛው ላይም ክዳኑ መስቀል ያለበት ጠርሙስ አልነበረም። ይመር የዕቃውን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አንብቦታል። የሞተ ሰው ደግሞ ጠርሙስ አይደብቅም።

*

ዓርብ ጠዋት ኦርቴጋን መኪና ውስጥ አስቀምጦ ሁሉንም ነገረው። በኪሱ ያለውን ማጨሻ አውጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ አኖረው።

«ከዚያ ቤት የወጣ ነው። ሁለት ዓመት ስገዛ ቆይቻለሁ። ወንድሟ ኒኮቲን የለውም ሲል እየዋሸ እንደነበር ያን ጊዜውኑ አውቄ ነበር። የሱቁ ሰውዬም ንጹሕ ኒኮቲን እንደሚሸጥለትና ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነግሮኛል። አልተረጎምኩልህም።»

ኦርቴጋ ማጨሻውን አንሥቶ አገላበጠው። «ለሚስትህ ብለህ?»

«ለሚስቴ። ለቤተ ክርስቲያን። ለስሜ።»

«ሦስት ቀን፣ ይመር! ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ስላልክ ይቺ ሴትዮ ራሷን ገደለች ተባለ። እኔ ደግሞ ትናንት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የኒኮቲኑን ዕቃ ፍለጋ የሰፈሩን ቆሻሻ ሳገላብጥ ነው የዋልኩት!»

«አውቃለሁ።»

«ለአለቃችን ለሳርጀንቱ አንተው ራስህ ትነግረዋለህ። ዛሬውኑ።» ሞተሩን አስነሣ። «አሁን ቆሻሻ ውስጥ ምን መፈለግ እንዳለብኝ ንገረኝ።»

«ቆሻሻ ውስጥ አታገኘውም። የጠበል ዕቃ የያዘ ሰው ቆሻሻ ውስጥ አይጥልም። መጀመሪያ ግን ቁም ሣጥኑን ልየው።»

ምድር ቤቱ እንደታሸገ ነበር። ይመር የባትሪውን መብራት ከጠርሙሶቹ ኋላ አድርጎ አንድ በአንድ አያቸው። መስከረም ሃያ አንድ የተጻፈባቸው አምስት ናቸው። አርባ ሁለት ቀን የቆዩ፤ የአንድ ቀን ልጆች። አራቱ እንደ ጠገበ ሻይ ጠቁረዋል። አምስተኛው ጥርት ያለ ውሃ ነው።

«ይሄኛው አርባ ሁለት ቀን አልቆየም» አለ ይመር። «ዕድሜው ሦስት ቀን ነው። በርዶ የነበረ ኒኮቲን ነው፤ ባዶ የተገኘ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠውት ነው። ወረቀቱ ብቻ ነው ያረጀው።»

ኦርቴጋ ጓንት አድርጎ ክዳኑን ከፈተ፣ ከሩቅ አሸተተ። የከስተርድ ሽታ የሚባል ነገር የለውም።

ከሰዓት በፊት የአየር ማረፊያው መጠባበቂያ ሎት የካሜራ ቅጂ መጣ። ማክሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል የውድነህ ሸትል እዚያ አልነበረም። ሸትሉን ፈተሹ። ትንሿ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ባለው ኪስ ውስጥ፣ በንጹሕ ነጭ መሀረብ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ክዳኗ ላይ በቀይ ማርከር መስቀል አለ።

*

መቅረጫው በራ። ይመር መብቱን በአማርኛ አነበበለት። ውድነህ ጠበቃ አልፈልግም ብሎ ፈረመ። ጠርሙሷ በላስቲክ ታሽጋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ እሱ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

«ውድነህ፣ ማክሰኞ ወደ ቤት ተመልሰሃል።»

ውድነህ ከግድግዳው ዓይኑን አልነቀለም።

«ነገ ቀብር ነው። አባ ፍትሐት ልፍታ ወይስ ልተው ብለው ይጠብቁኛል። ሰው ራሷን አጠፋች እያለ ነው። ይሄን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ዝም አልክ?»

«አንተስ?» አለ ውድነህ በቀስታ።

ይመር የመቅረጫውን መብራት አየ። «እኔም ዝም አልኩ። እሱ በእኔ ወረቀት ላይ ይጻፋል። አሁን ስለ አንተ ነው።»

ውድነህ ሲጀምር የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ነበር።

«ሰኞ ማታ ፍሪጁን ላጥብ ነው አለች፤ ጾም ከመግባቱ በፊት። የራስ ቅል ያለበት ጠርሙስ ከአትክልቱ ሥር ነበር። ብታየው… በአባ ፊት ዋስ ሆናኛለች፣ ጋሼ። ጠረጴዛው ላይ አባ የጨረሱት ባዶ ጠርሙስ ነበረ። ኒኮቲኑን እሱ ውስጥ ገልብጬ ፍሪጁ በር ላይ አኖርኩት። የራስ ቅል ያለበትን ባዶውን ጠርሙስ ነዳጅ ማደያ ወስጄ ጣልኩት።»

«የጠበል ዕቃ ውስጥ።»

«ባዶ መሆኑን ታውቃለች ብዬ! አባ ሌላ እስኪያመጡ አትነካውም ብዬ! ጠዋት ወደ ታች ላወርደው ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሣሁና ረስቼው ወጣሁ። ኤርፖርት ሰዎቹን ሳወርድ አንዷ ሴትዮ ውሃ ጠጣች። ያኔ ትዝ አለኝ። ደወልኩ። አታነሣም። ደወልኩ። እየነዳሁ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።»

«ስትደርስ?»

«ወድቃለች።»

«ለአምቡላንስ ለምን አልደወልክም?»

«ጠርሙሱን አነሣሁ። ማጠቢያው ላይ ልደፋው ቧንቧ ከፈትኩ።»

«ለምን አልደፋኸውም? ብትደፋው ኖሮ ዛሬ ምንም አላገኝብህም ነበር።»

ውድነህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርሙሷን አየ።

«የጠበል ዕቃ ነዋ። የጠበል ዕቃ ማጠቢያ ላይ አይደፋም። እጄ እምቢ አለኝ።» ፊቱን ከጠርሙሷ አዞረ። «ታየኛለህ ጋሼ? እህቴን ወለል ላይ ትቼ፣ ጠበል ዕቃ መድፋት ፈራሁ። ወደ ታች ወርጄ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። በእሷ ላይ ተሻግሬ ነው የወረድኩት። ስወጣም በእሷ ላይ ተሻግሬ።»

ይመር ጥያቄውን መጠየቅ አልፈለገም። ጠየቀ።

«ትንፋሽ ነበራት?»

«አላየሁም።»

«ጎንበስ ብለህ አላየህም?»

«ብታየኝስ?» አለ ውድነህ። «ዓይኗን ገልጣ ብታየኝስ?»

ከመስታወቱ ወዲያ ቋንቋውን የማይሰማው ኦርቴጋ ቆሞ ነበር። ኋላ ምን አለ ብሎ ሲጠይቀው፣ ይመር በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል ተረጎመለት።

*

ቅዳሜ ፍትሐቱ ሙሉ ሆኖ ተደረገ። አባ ተክለሚካኤል ከጸሎቱ በፊት ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ሰርካለም ጠበል መስሏት በእምነት እንደጠጣች፣ በእሷ ላይ የተባለው ሁሉ ሐሰት እንደሆነ፣ እሳቸውም የገቡትን ቃል ረስተው እንደበደሏት ተናገሩ። የውድነህን ስም አላነሡም። ማንሣት አላስፈለጋቸውም። እታለም ከፊት ሆና «እኔንም ይቅር በይኝ! ካፖርትሽን ሰጠሽኝ ብዬ ያስወራሁብሽ እኔ ነኝ!» እያለች ደረቷን መታች።

ይመር ከበሩ አጠገብ ነበር የቆመው። ዓርብ ማታ ለሳርጀንቱ ተናግሮ ከሥራ ታግዷል። ለሮሆቦትም ተናግሯል። ሮሆቦት አልጮኸችም፤ ቁርሱን ሠርታ ሳትቀመጥ ነው የወጣችው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሴቶቹ በኩል ሆና አንድ ጊዜም ዞር ብላ አላየችውም።

ከቀብሩ በኋላ ድንኳን አልሄደም። ነድቶ ወደ ማረፊያ ቤቱ ሄደ። ባጅ ስላልነበረው እንደማንኛውም ጠያቂ ተመዝግቦ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ አርባ ደቂቃ ተራ ጠብቆ ገባ።

ውድነህ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ስልኩን አነሣ።

«ፍትሐት ተደረገላት?»

«ሙሉውን።»

ውድነህ ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሰው መጣ?»

«ቦታ ጠፍቶ ሰው ውጭ ቆመ። ከመጦሪያው አሮጊቶች እንኳ በዊልቼር መጥተው ነበር።»

«የሕይወት ታሪኳን ማን አነበበ?»

«እታለም።»

«ሱዳን ድረስ ተመልሳ ወንድሟን አመጣች የሚለው… አለበት?»

«አለበት።»

«ስሜን ጠራችው?»

ይመር አዎን ለማለት አፉን ከፈተ። ማንም አያውቅበትም፤ ቀላል ነበር፤ ምጽዋት ነበር የሚመስለው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ባሉ ቀላል ነገሮች ነው የቆየው።

«አልጠራችውም» አለ። «ወንድሟን ብላ ነው ያለፈችው።»

«ደግ አደረገች» አለ ውድነህ። ቀጥሎም «አንተ ለምን መጣህ?» አለው።

«ሌላ የሚመጣ ሰው የለም ብዬ።»

ውድነህ በመስታወቱ ቀና ብሎ ትኩር ብሎ አየው። ዓይኑን ቀድሞ የሰበረው ይመር ነው። ስልኩን ግን አልዘጋም፤ ሰዓቱ አልቋል እስኪባሉ ድረስ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ይዘውት ተቀመጡ።